ጩኸት ሰምቶ የሚሮጥ

የእንግሊዝኛውን የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ዕብራውያን 2፥18 ላይ «ሰከር» የሚል ግሥ ታገኛላችሁ። አትሳቁ፤ ከመጠጥ ጋር ምንም ዝምድና የለውም! የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መርዳት» ይለዋል፤ ልክ ነው። ግን ቃሉ ከየት እንደ መጣ ስታውቁ ጥቅሱን እንደ ድሮው አታነቡትም።

ሥሩ ላቲን ነው። «ሱብ» ማለት ከሥር፣ «ኩሬሬ» ደግሞ መሮጥ። ሁለቱ ሲገጥሙ ሮጦ መድረስ፣ ሮጦ ከሥር መግባት ይሆናል። «ኮርስ ወሰድኩ» ስንል ኮርስ የምንለው እንኳ የዚሁ የሩጫ ቤተ ሰብ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃል ወደ አገሩ ገባ፤ ይህም አንዱ ነው። ፈረንሳዮቹ ስሙን «ሱኩርስ» ይሉት ነበር። እንግሊዞቹ መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» የብዙ ቁጥር ምልክት መስላቸው ቆርጠው ጣሏት።

ታዲያ በዚያ ዘመን ጠላት ለከበባት ከተማ የሚደርሰው ጦርም በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ቅጥሩ ውስጥ እህል እያለቀ ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚያዝን ሰው ምን ይሠራላቸዋል? ጦሩ መምጣት አለበት።

ወደ ግሪኩ ስትሄዱ ደግሞ ይብሳል። ዕብራውያን ላይ ያለው ግሥ «ቦኤቴኦ» ነው። «ቦኤ» ጩኸት፣ «ቴኦ» መሮጥ፤ ጩኸት ሰምቶ መሮጥ ማለት ነው። ማቴዎስ 15 ላይ ከነናዊቷ እናት ስለ ልጇ ጌታን የለመነችው በዚሁ ግሥ ነው። አማርኛችንም እኮ ይህን ያውቃል! ሌሊት ሌባ በር ሲሰብር ሰው «ድረሱልኝ!» ብሎ ነው የሚጮኸው። ረዳት ያጣውንም «ደራሽ የለውም» እንላለን።

እንግዲህ ሥራ ያጣ ወንድም ደውሎ ሲያለቅስ፣ «እንጸልይልሃለን» ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ጸሎቱ መልካም ነው፤ እንጸልይ። ግን ገና ማንም አልሮጠም፤ ይህም ግሥ ገና አልተፈጸመም። እ.ኤ.አ. በ1611 ያን ትርጉም ያወጡት ሰዎች ሮሜ 16፥2 ላይ እኅታችንን ፌቤንን የጠሩት ከዚሁ ቃል በወጣ ስም ነው። እዚያ ግሪኩ ሌላ ቢሆንም፣ ለብዙዎች ለጳውሎስም የደረሰች ሴት ናትና ስሙ ይገባታል።

አንድ ቦታ ልጨምር፤ ሐዋርያት ሥራ 27፥17። ማዕበሉ መርከቧን ሊበትናት ሲል መርከበኞቹ ከሥሯ አስታጠቋት። ሉቃስ ያን ማስታጠቂያ የጠራው «ቦኤቴያ» ብሎ ነው፤ ከዚያው ግሥ የወጣ ስም። በአዲስ ኪዳን ይህ ስም ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ ሌላው ቦታ ዕብራውያን 4፥16 ነው፣ የጸጋው ዙፋን ፊት። መርከቧ በኋላ ተሰባበረች። በውስጧ የነበሩት 276 ነፍስ ግን ሁሉም ወደ ምድር ደረሱ።