ትንንሽ ቃላት፣ ረጅም ታሪክ፦ የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሶች አመጣጥ



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ እይታ የታሪክ ርእስ አይመስልም። እንግሊዝኛ «ፍሬዛል ቨርብ» የሚላቸውን፣ እኛ ሐረጋዊ ግስ ልንላቸው የምንችለውን ነገር ማለቴ ነው፤ አንድ ተራ ግስ እንደ «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት» ካሉ ትንንሽ ቃላት ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም ሲይዝ ማለት ነው። «ጊቭ» ሰጠ ነው፤ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ተወ፣ እጅ ሰጠ፣ ተስፋ ቆረጠ ነው። ተማሪዎቻችን እነዚህን በዝርዝር ጽፈው ይሸመድዳሉ፤ ከፈተናው ማግስት ይረሷቸዋል። የእኔ ክርክር ዝርዝሩ አልጨበጥ የሚለው ታሪኩ ስለተቆረጠበት ነው የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በፊት የነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ፣ እንደ ዘመዱ እንደ ጀርመንኛ፣ አቅጣጫ አመልካቿን ቃል ብዙ ጊዜ ከግሱ ያስቀድም ነበር። መውጣት «ኡትጋን» ይባል ነበር፤ «ኡት» ውጭ፣ «ጋን» መሄድ። የዚያ ሥርዓት ቅሪት ዛሬም «አንደርስታንድ» እና «ኦቨርካም» በሚሉት ግሶች ውስጥ ይታያል። እየቆየ ግን የቃላቱ ቅደም ተከተል ተለወጠ፣ ቅድመ ቅጥያዎቹ ጉልበታቸውን አጡ፣ ትንሿም ቃል ከግሱ ኋላ መቆም ጀመረች። በእንግሊዝ ሰሜንና ምሥራቅ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ ይህን ለውጥ ምን ያህል እንዳገዘው ሊቃውንት ይከራከራሉ። እኔ አግዞታል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ብቻውን አመጣው ግን አልልም።

ለውጡን በዓይን ማየት የሚቻልበት አንድ ሰነድ አለ፤ የፒተርቦሮ ገዳም ዜና መዋዕል። መነኮሳቱ በእንግሊዝኛ መመዝገባቸውን የቀጠሉት የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ከሆነ በኋላ ነው፤ የመጨረሻው መዝገብም የ1154 ነው። በ1137 ሥር በሰፈረው ክፍል ንጉሥ ስቲቨን የሶልዝበሪውን ጳጳስ ሮጀርንና ዘመዶቹን አስሮ ምሽጎቻቸውን እስኪያስረክቡ እንዳቆያቸው ይነገራል። ጸሐፊው «አስረከቡ» ለማለት የተጠቀመበት ቃል አጠራሩ ወደ «ያቨን ኡፕ» የሚቀርብ ነው፤ የዛሬው «ጊቭ አፕ» ማለት ነው። ምሽግ የሚለውን ቃል ከኖርማኖቹ ወሰደ፤ እጅ መስጠትን ግን በአገሩ ቃል ተናገረው። እንግዲህ ዛሬ አንድ ሰው ሲጋራ ተውሁ ሲል የሚናገረው ግስ በጥንቱ መዝገብ የምሽግ ቁልፍ ሲያስረክብ እናገኘዋለን። ከጦር ሜዳ ወደ ዕለት ኑሮ የተደረገው ጉዞ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ የእኛም «እጅ ሰጠ» በሽታንና እንቅልፍን ሳይቀር ማርኳል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ምእተ ዓመታት ከፈረንሳይኛና ከላቲን የመጡ ግሶች በፍርድ ቤት፣ በቤተ ክህነትና በትምህርት ቤት የክብር ወንበር ያዙ። «ሰረንደር»፣ «ኮንቲኒዩ»፣ «ቶለሬት» የጽሑፍ ሰዎች ሆኑ፤ «ጊቭ አፕ»፣ «ጎ ኦን»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ማጀትና ገበያ ቀሩ። በትክክለኛነት የሚበላለጡ አይደሉም፤ አንዱ ወገን ከገዢዎች ጋር መጣ፣ ሌላው ከተገዢዎች ጋር ኖረ። ዛሬ መምህራን ለተማሪ «ይህ ለጽሑፍ አይሆንም» ሲሉ ሳያውቁት የዚያን ዘመን የመደብ ድንበር ይጠብቃሉ።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም እነዚህ ጥምረቶች ለውጭ ሰው ታላቅ ችግር እንደሆኑ ጽፏል። ከምሳሌዎቹ አንዱ «ቴክ ኦፍ» ነው፤ የሰጠውም ትርጉም መቅዳት ነው። ዛሬ በዚሁ ግስ ልብስ ይወልቃል፣ አውሮፕላንም ይነሣል። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው መጠሪያ ግን በ1925 በወጣው በሎጋን ፒርሳል ስሚዝ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ስሚዝም ስያሜውን ያገኘው ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከሄንሪ ብራድሊ ነው። ሕፃኑ ስም የወጣለት ሽማግሌ ከሆነ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

የዕለት ዓረፍተ ነገሮች የጠፉ ዕቃዎች ሙዝየም ናቸው። «ሺ ሃንግ አፕ» ሲባል ስልኩን ዘጋችው ማለት ነው፤ ቃል በቃል ግን ሰቀለችው ነው፤ የቀድሞው ስልክ ማዳመጫ በእውነትም ከግድግዳው ሜንጦ ላይ ይሰቀል ስለነበር። ሜንጦው ጠፋ፣ ግሱ ቀረ። «ሎግ ኢን» ደግሞ የመርከበኞች ነው። የመርከብን ፍጥነት ለመለካት በገመድ ታስሮ ወደ ባሕር የሚጣል እንጨት «ሎግ» ይባል ነበር፤ ልኬቱ የሚጻፍበት መዝገብ ስሙን ወረሰ፣ ኮምፒውተሩም ከመዝገቡ ወረሰ።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደማይነሣው ምዕራፍ ልግባ። በ1930 ቻርልስ ኬይ ኦግደን «ቤዚክ ኢንግሊሽ» የሚል አነስተኛ እንግሊዝኛ ለዓለም አቀረበ፤ 850 ቃላት፣ ከእነዚያም ውስጥ ግሶቹ 18 ብቻ። ዊንስተን ቸርችል በ1943 በሃርቫርድ ባደረጉት ንግግር ደግፈውታል። 18 ግስ ይዞ ዓለምን መናገር እንዴት ይቻላል? ምስጢሩ ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። «ቶለሬት» ከዝርዝሩ ይውጣ፤ «ፑት»፣ «አፕ» እና «ዊዝ» ስላሉ መታገሥን ይናገሩልናል። ስሌቱ ግን ያሳስታል፤ ሦስቱን ቃላት ለየብቻ የሚያውቅ የውጭ ሰው መታገሥን ከየት ያገኘዋል? ኦግደን የቆጠረው ቃላትን እንጂ ትርጉሞችን አልነበረም። የቃሉ ብዛት ቀነሰ፣ ሸክሙ ግን በተማሪው ጀርባ ላይ እንዳለ ቀረ። ዛሬም ደረጃ የወጣላቸው የመማሪያ መጻሕፍት ይህንኑ ሲያደርጉ አያለሁ፤ ቃላቱ ቀላል ስለሆኑ ዓረፍተ ነገሩም ቀላል ይመስላቸዋል።

ሸክሙ ግን የሚፈራውን ያህል አይደለም። ጋርድነርና ዴቪስ በ2007 ባሳተሙት ጥናት 100 ሚሊዮን ቃላት ባለው የብሪታንያ ብሔራዊ የቋንቋ ክምችት ውስጥ 20 ግሶች ከ8 ትንንሽ ቃላት ጋር እየተጣመሩ ከጠቅላላው የሐረጋዊ ግሶች አገልግሎት ግማሽ ያህሉን እንደሚሸፍኑ አሳይተዋል። ሺህ ዝርዝር ከመሸምደድ ስምንቱን ትንንሽ ቃላት ማወቅ ይሻላል። ለምሳሌ «አፕ» ፍጻሜን የሚያመለክተው፣ እኔ እንደምረዳው፣ እንስራ ሲሞላ ውኃው ወደ ላይ ስለሚወጣና አፉ ላይ ሲደርስ ሥራው ስለሚያበቃ ነው። «ኢት አፕ» ጨርሰህ ብላ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

ዳጉትና ላውፈር በ1985 ባወጡት ጥናት የዕብራይስጥ ተናጋሪ ተማሪዎች ሐረጋዊ ግሶችን እየሸሹ ባለ አንድ ቃል ግስ እንደሚመርጡ አሳይተው፣ ምክንያቱን ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ግስ ስለሌለው ነው ብለዋል። አማርኛም የዕብራይስጥ ዘመድ ነውና እኛም እንሸሻለን ማለት ይቀል ነበር፤ በክፍሌ ሽሽቱን አየዋለሁ። ምክንያቱን ግን በአማርኛ አላሳብብም። «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» ስንል ማን ምን አለ? «አለ» መናገርን ትቶ የሌላ ቃል ተሸካሚ ሆኗል። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ደግሞ «ለ» እና «በ» ከግሱ ኋላ ገብተው አንዱን ሰው ነፃ ሲያወጡ፣ ሌላውን ወኅኒ ሲያስገቡ ያሳያሉ። ሥርዓቱ ከእንግሊዝኛው ይለያል፤ ትንሽ ቃል ከግስ ኋላ ቆማ የሰውን ዕጣ እንደምትወስን ግን ተማሪያችን ከእናቱ ቤት ተምሮ መጥቷል።

ስለዚህ እኔ የእንግሊዝኛውን ዝርዝር ከመግለጤ በፊት ተማሪዎቼ ከጠዋት ጀምሮ የተናገሯቸውን የ«አለ» ግሶች እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ከዚያ ወደ ፒተርቦሮው መነኩሴ እንሄዳለን። አንድ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ መርሐ ግብሩ አይፈቅድም የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ፤ እዚህም ተቀምጠዋል። ቀሪውን ጊዜ ለእነርሱና ለእናንተ ጥያቄ እተወዋለሁ።