ወሬና አዋጅ በሞጣ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል፥ እውነት ትገለጥ ዘንድ ጊዜ የሚያስፈልጋት መሆኑን ያስረዳል። ወሬ ግን ጊዜ አይሻም። ስለዚህ በየትኛውም ዘመን የሕዝብ ሰላም የሚጠበቀው ወሬው ከተሰማ በኋላ፥ ዱላ ከመነሣቱ በፊት በሚገኘው ጥቂት ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ በየዘመኑ ምን ያህል እንደ ነበረና በማን እንደ ተጠበቀ ለመመርመር የምሥራቅ ጎጃሟ ሞጣ ምሳሌ ትሆነናለች።

በቀድሞው ዘመን ወደ ሞጣ የሚመጣ ወሬ በእግር የሚመጣ ነበር። ነጋዴው ከቤጌምድር ተነሥቶ፥ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራውንና ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለውን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ ሲመጣ፥ ከሸቀጡ ጋር ወሬም ይዞ ይገባል። የመንግሥት ቃል ደግሞ ነጋሪት ተጎስሞ በገበያ መካከል ይታወጃል። አዋጅ ነጋሪው በዐደባባይ የሚታይ፥ ነጋዴውም በስሙና በአገሩ የሚታወቅ ስለ ነበረ፥ ነገሩ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው አይታጣም። ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜም የአገሩ ሰው ለአፈርሳታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ያወጣ ነበር። ይህ ሥርዓት ጉድለት አላጣም፤ ንጹሑም ሰው ሥራውን ፈትቶ ይንገላታበት ነበር። ቢሆንም «ማን ነገረህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሳይሰጡ ማለፍ አይቻልም ነበር።

ይሁን እንጂ ወሬ የሚበረታው በተናጋሪው ክፋት ብቻ ሳይሆን በባለ ሥልጣኑም ዝምታ መሆኑን የ1960 ዓ.ም. ታሪክ ያስተምረናል። በዚያ ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፥ ግብሩ የሚጣለው በገቢ ላይ ነው ቢባልም፥ የጎጃም ገበሬ ነገሩ መሬት ለመለካትና ርስቱን ለመንጠቅ የተዘጋጀ ነው ብሎ ጠረጠረ። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ገበሬው ከዚያ በፊትም የመሬት ልኬትን ሲቃወም የኖረ፥ በሹማምንትም በደል የተማረረ ነበርና። የሚያምነው ሰው ቀርቦ በሚገባ ስላላስረዳው ጥርጣሬው ከገበያ ወደ ገበያ ተዛመተ፤ ሞጣና ቢቸናም ከዓመፁ ዋና ዋና ሥፍራዎች መካከል ሆኑ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አይሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ለሕዝቡ ተማረ። አስቀድሞ በቃል ሊፈጸም ይችል የነበረው ጉዳይ በደም ተፈጸመ።

ከ52 ዓመት በኋላ፥ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ በሞጣ በቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ተሰማ። እሳቱን ማን እንደ ለኮሰው፥ የለኮሰው ሰው መኖሩም እንኳ ተመርምሮ ሳይታወቅ፥ በዚያው ቀን መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞችም ሱቆች ተዘረፉ። በአንድ ገበያ ሲገበያይ፥ በኀዘንና በደስታ ሲጠራራ የኖረ ሕዝብ በአንድ ቀን ተፈራራ። የተቃጠሉት መስጊዶች ፎቶግራፍ በፌስቡክ በመላ ኢትዮጵያ ተዳረሰ፤ በብዙ ከተሞችም ሙስሊሞች ለተቃውሞ ሰልፍ ወጡ። የፎቶግራፉ መዳረስ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ በደሉ ተሸሽጎ እንዳይቀር አድርጓልና። ነገር ግን በዚህ መንገድ እውነተኛው ምስክርነትና የበቀል ጥሪ ጎን ለጎን ይጓዛሉ፤ ተመልካቹም አንዱን ከሌላው የሚለይበት ጊዜ አያገኝም።

ሁለት ወር ሳይሞላ፥ በየካቲት 2012 ዓ.ም.፥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አስቀድሞ ሲረቀቅ የቆየውን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጸደቀ። አዋጁ የማኅበራዊ መገናኛ ኩባንያዎች ጥቆማ ከደረሳቸው በኋላ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዝዛል። 24 ሰዓት ለኩባንያ አጭር ነው፤ በአንድ ቀን ለተጎዳችው ለሞጣ ግን ረጅም ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተገደሉት የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ አስቀድሞ በፌስቡክ ስማቸው ተነሥቶ እንደ ነበረ፥ ልጃቸውም ለኩባንያው አመልክቶ ጽሑፉ በጊዜ እንዳልተነሣ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቀረበው ክስ ተገልጿል።

እንግዲህ ሕግ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ነጋሪት ጎሳሚ ሆኗል፤ እንደ ቀድሞው አዋጅ ነጋሪ በዐደባባይ ቆሞ የሚጠየቅ ግን ጥቂት ነው። ባለ ሥልጣኑ ወሬ ከመድረሱ በፊት እውነቱን ፈጥኖና ገልጦ መናገር ይገባዋል፤ በ1960 ዓ.ም. የጐደለው ይህ ነበር። ዜጋውም የሰማውን ከማዳረሱ በፊት «ማን ነገረኝ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል፤ በ2012 ዓ.ም. የጐደለው ይህ ነበር። ወሬን አንድ ሌሊት ማሳደር ማንንም አይጎዳም፤ ሳያድር የተፈረደበት ወሬ ምን እንደሚያስከፍል ግን ሞጣ ታውቀዋለች።