የዮርዳኖስ ዳር ፈተና

የእህቴ ልጅ ጂአርኢ ለሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። የማጥኛ ካርዶቿን ከካርቶን ቆርጣ ነው የሠራቻቸው፤ በፊታቸው ቃሉ፣ በጀርባቸው ፍቺው። መቶ መቶውን በላስቲክ አስራ በፌስታል ይዛቸው ትዞራለች። ሰሞኑን ምሳ ላይ አንዱን ካርድ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ጋሼ፣ ይቺ ቃል በቃ አልያዝ አለችኝ» አለች።

ካርዱ ላይ የተጻፈው «ሺቦሌት» ነው። በጀርባው፦ አንዱን ወገን ከሌላው የሚለይ አነጋገር ወይም ልማድ፤ ያረጀ መፈክር።

«ይቺንማ ታውቂያታለሽ» አልኳት። አላመነችኝም።

እንግሊዞች ቃሉን ያገኙት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ከመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12። የገለዓድ ሰዎች ኤፍሬማውያንን ድል ነሥተው የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ። ሸሽቶ የሚመጣው ሁሉ ኤፍሬማዊ አይደለሁም ይላል። መልካቸው አይለያይ፣ ቋንቋቸው ያው። ስለዚህ መጥቶ ልሻገር የሚለውን አንዲት ቃል ያስጠሩታል፦ ሺቦሌት። ኤፍሬማዊ «ሺ» ማለት አይሆንለትም፤ «ሲቦሌት» ይላል፣ ያርዱታል። መጽሐፉ የሞቱትን 42,000 ያደርሳቸዋል። ቃሉ እንግሊዝኛ ከገባ በኋላ መጀመሪያ የተናጋሪውን ወገን የሚያጋልጥ አነጋገር ሁሉ ሺቦሌት ተባለ፤ ቀጥሎ የአንድ ቡድን መለያ ልማድ፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉም የሚደጋግመው ፍሬ አልባ መፈክር። (ይህ የመጨረሻው ፍቺ ለእኛ አገር ሰው ካርድም አያስፈልገው።)

ዕብራይስጡስ ምን ማለት ነው? የእህል እሸት። ፈርዖን በሕልሙ ያያቸው ሰባት እሸቶች በዕብራይስጡ የተጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ወራጅ ውሃ የሚል ፍቺም ስላለው፣ በወንዝ ዳር የተመረጠው ለዚህ ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እኔ እሸቱ ይበልጥብኛል። ምክንያቱም የቃሉ ሥር ሸ፣ በ፣ ለ ነው፤ ሸን በሰ ለውጡት። ሰብል!

የአጋጣሚ መመሳሰል አይደለም። ዕብራይስጥ «ሽ» የሚልበት ላይ ግእዝ «ስ» ይላል፦ ሻሎም ሰላም፣ ሼም ስም፣ ሻማይም ሰማይ፣ ሮሽ ርእስ፣ ላሾን ልሳን። ዐረቡም እሸትን ሱንቡላ ሲል ከዚሁ ቤት ነው። ግእዝ ጭራሽ ሸ የሚባል ፊደል አልነበረውም፤ አማርኛ ድምፁን ሲፈልገው በሰ አናት ላይ ሰረዝ አስቀምጦ ሠራው። እንግዲህ ግእዝ ተናጋሪ በዚያ መሻገሪያ መጥቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ለመደው «ሰብል» ይልና አንገቱ ይሄድ ነበር። ይህን ስነግራት ማንኪያዋን አስቀምጣ ሳቀች።

ቃሉ ለፈተና መጠናቱ ይገርመኛል፤ እሱ ራሱ ፈተና ነበርና። አንድ ጥያቄ፣ ድጋሚ የለም። ጂአርኢ ለቃላቱ ክፍል ቢያንስ ከ130 እስከ 170 ነጥብ አለው። ድሮ ግን እሱም ጨካኝ ነበር፤ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ የቃል ተቃራኒና የቃላት ዝምድና ይጠይቅ ስለነበር፣ ቃሉን ካላወቁት መሻገሪያ አልነበረም። ያን ዓመት ሁለቱም ቀሩ። አሁን ቃሉ በዓረፍተ ነገር ታጅቦ ይመጣል፤ ዙሪያውን አይቶ መገመት ይቻላል።

ሥሩን ማወቅ ሁልጊዜ ያሻግራል ብዬ ግን አልዋሻትም። ላቲን መንጋን «ግሬክስ» ይላል። ከሰው መሀል መዋል የሚወድ ሰው «ግሪጌሪየስ» ነው፤ መሰብሰብ «ኮንግሪጌት»፣ ከመንጋው መለየት «ሴግሪጌት»። እስከዚህ ድረስ ቀና መንገድ ነው። «ኢግሪጂየስ» ላይ ሲደርሱ ግን ይሰናከላሉ። ሥሩ ከመንጋው ወጣ ያለ ማለት ነው፤ ጥንት ለምስጉን ሰው ይባል ነበር። ጣልያኖች ዛሬም በደብዳቤ አናት ላይ «ኤግሬጂዮ» ብለው የሚያከብሩት አለ። በእንግሊዝኛ ሳይሆን አይቀርም በምጸት ተጀምሮ፣ አሁን ዓይን ያወጣ ጥፋት ሆኖ ቀርቷል። ሥሩን ብቻ አምና የገባች ተፈታኝ «ምስጉን» የሚለውን መርጣ ትወድቃለች። «ይቺንስ እንዴት ልያዛት?» አለች። ይቺን በቃልሽ ነው፣ ሌላ መላ የላትም አልኳት።

ካርዷን መልሳ ወሰደች። በጀርባው ካለው ፍቺ ሥር በእስክሪብቶ «ሰብል» ብላ ጻፈች። ትንሽ አየችውና በሰ ራስ ላይ ሰረዝ ጨመረችበት።