ገና ከገና በኋላ



ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬ ጮኸ። በእኔ ዕድሜ የሌሊት ስልክ ያስደነግጣል። መነጽሬን በዳበሳ ፈልጌ ሳነሳው ካናዳ የሚኖር የድሮ ተማሪዬ ነው። «ቲቸር አለፍን! አለፍን!» ይላል። የመኖሪያ ወረቀቱ የተሳካለት መስሎኝ «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። ለካ ልጁ የሚጫወትበት የታዳጊዎች የበረዶ ሆኪ ቡድን የመጨረሻውን ጨዋታ አሸንፎ ጥሎ ማለፉ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ክረምቱን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ ልጁን ልምምድ ሲያደርስ ከርሟል። የነጥብ ሰንጠረዡን በቃሉ ይዞታል፤ ማን ማንን ቢያሸንፍ እነማን እንደሚወድቁ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ያን ጊዜ የዘመነ መሳፍንትን ዓመተ ምሕረት እንዲህ ቢይዝልኝ ኖሮ!

ቪዲዮውን ላከልኝ። አየሁት። ልጆች በትር ይዘው አንዲት ጥቁር ነገር ያሳድዳሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ገና ነው፤ የእኛው ገና፣ በረዶ ላይ» አለኝ። ቀጥሎም «የእናንተስ ልጆች? አለፉ?» ብሎ ጠየቀ።

የእናንተ ልጆች ያለው የወረዳችንን የገና ጨዋታ ቡድን ነው። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ የታኅሣሥን ውርጭ አልነግራችሁም። ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ የእግር ዱካ ይታይበታል። እኔ ያደግሁት በዚያ መንገድ ዳር ነው። ስለ ገና ጨዋታ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሳው የእረኞቹ ታሪክ ነው፤ የጌታን መወለድ ሰምተው በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል። ደግ ነው። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና መሬቱንም ልይ። ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ሲደርስ ገብሱ ታጭዷል፣ ባቄላው ተነቅሏል፣ ማሳው ባዶ ነው፣ አፈሩ ደርቋል። ከብት የትም ቢገባ የሚቆጣ የለም። እረኛው ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው አጥር ለጥቂት ሳምንታት ይፈርሳል። ጎልማሳውም ሥራ ፈትቷል። በደጋ ሸዋ አንድ ሰፈር ወንዱን ሁሉ ይዞ ሜዳ የሚወጣበት ጊዜ ከተፈለገ ይሄው ነው።

ዱላው አስቀድሞ ይዘጋጃል። ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ ወይራ ወይም ቀጋ ካገኘህ ዕድለኛ ነህ፤ ካላገኘህ እርጥቡን በእሳት እያሞቅህ ታጎብጠዋለህ፣ ከዚያ ቅቤ ትቀባዋለህ። እሩሯ (ጥንግ የሚሏትም አሉ) ከእንጨት ትጠረባለች ወይም በጠፍር ትጎነጎናለች። የእንጨቷ ትፈጥናለች፣ ግን ቅልጥም ላይ ስታርፍ ምሕረት የላትም። የእኔ ግራ እግር ዛሬም ውርጭ ሲመጣ ቀድሞ ያውቃል።

ከዚያ ሚና ይለያል። ዛሬ በየስብሰባው «ጉልህ ሚና» ስንል የምንጠቀምበት ቃል በገና ሜዳ ወገን ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሚና የሚለየው በአጥቢያ ነበር፤ የላይኛው ደብርና የታችኛው ደብር። ቁጥር የለም። ሠላሳ ለሃምሳ ሊሆን ይችላል። ዳኛ የለም፤ ሽማግሌ አለ። ሜዳው ወንዝ ካልከለከለው በቀር ዳር የለውም። እሩሯን የባላጋራህን ድንበር ካሻገርህ ረታህ። የረታው ወገን እየጨፈረ ተረቺውን ይሰድባል፤ ስድቡ ደግሞ በግጥም ነው፤ ባለርስቱም፣ ጭቃ ሹሙም አይቀርለትም። በዚያን ቀን ጌታ አይቆጣም የሚለው ልማድ የታወቀ ነው። በማግስቱ ባለርስቱ ባለርስት፣ ጢሰኛውም ጢሰኛ ነው። ይህን የአንድ ቀን እኩልነት አንዳንዶች ሲያሞጋግሱት እሰማለሁ፤ እኔ በዓመት አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

እንግዲህ የካናዳው ተማሪዬ ያነሳው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። እንግሊዛዊው ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. የመንግሥቱን መልእክት ይዞ አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲደርስ፣ በራሱ አገርም ሆኪ አገር አቀፍ ማኅበርና አንድ የጋራ ደንብ አልነበረውም። የመንደርና የትምህርት ቤት ጨዋታ ነበር። ማለትም ያን ጊዜ እኛና እነሱ በዚህ ነገር ብዙም አንራራቅም ነበር። ከዚያ ምን ሆነ? በ1875 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ውስጥ በቤት ውስጥ የበረዶ ሜዳ ላይ ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው ተጫወቱ። ቁጥር ገባ፣ ግድግዳ ገባ። ለንደን ላይ በ1886 እ.ኤ.አ. የሆኪ ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ በአንጎለላ የተወለደው ምኒልክ አዲስ አበባን ይቆረቁር ነበር፤ አንኮበርም ዋና ከተማነቷን ለቃለች። ቤተ መንግሥቱ ሲሄድ የቤተ መንግሥቱ ገናም አብሮ ሄደ፤ ኋላ ላይ ጃንሜዳ ነገሥታቱ የሚያዩት የገና ሜዳ ሆነ። አንኮበር ላይ ኮረብታውና የአጥቢያው ገና ቀሩ።

ለእኔ ግን ከእንግሊዝም ከካናዳም ይልቅ የሚያስቀናኝ አየርላንድ ነው። እነሱ ሀርሊንግ የሚባል የጥንት ጨዋታ አላቸው፤ ጎባጣ በትር፣ ትንሽ ኳስ፣ አጥቢያ ለአጥቢያ። ልክ እንደኛ። በ1884 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቋሙ። ያደረጉት ነገር ሲያዩት ቀላል ነው፦ አጥቢያውን አላፈረሱም፤ መሰላል ሠሩለት። የአጥቢያው ክለብ በአውራጃው ይወዳደራል፣ የአውራጃው አሸናፊ ለአገሩ ዋንጫ ይወጣል። የመጀመሪያው የአገር ዋንጫ በ1887 እ.ኤ.አ. ተካሄደ። በመጀመሪያ ሃያ አንድ ለሃያ አንድ ነበሩ፤ ወደ አሥራ ሰባት አወረዱት፤ በ1913 እ.ኤ.አ. አሥራ አምስት አደረጉት። የቀረው ሕዝብ ከሜዳ ወጥቶ ተመልካች ሆነ ማለት ነው። ይሄ ኪሳራ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ዛሬም ድረስ የአንድ ገጠር ልጅ በትሩን ይዞ ሲያድግ ከፊቱ የሚወጣበት ነገር ያያል። ከገና በኋላ ያለው ቀን ለሱ ባዶ አይደለም።

የእኛ ልጅ ግን ጥር ሲገባ ዱላውን ሰቅሎ ኳስ ይራገጣል። ለምን አይራገጥ? ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት እግር ኳስ እንግዳ ነበር፤ ገና የአገር ልጅ ነበር። እንግዳው ግን ፌዴሬሽን፣ ሊግ፣ ሰንጠረዥ ይዞ መጣ። በየሳምንቱ የሚጠበቅ ጨዋታና የሚናፈቅ የነገ ውጤት ነበረው። በዓመት አንድ ቀን ያለው ጨዋታ በየሳምንቱ ያለውን ሊያሸንፍ አይችልም።

ሜዳውም እያለቀ ነው። እኔ የተጫወትኩበት መስክ ዛሬ ባሕር ዛፍ ነው። በገበሬው አልፈርድም፤ አጣና ገንዘብ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያም ከተማው እየሰፋ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ሥራ ስላመጣ ደስ ብሎናል፣ ግን ከተማ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚበላው ለጥ ያለ መስክ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ሰላም ጠፍቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ሁለት ሰፈር ዱላ ይዞ ሜዳ መውጣቱ ራሱ የሚያስፈራ ነገር ሆኖ ነበር።

መሰላሉ በእኛም አገር አለ፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከሻህ፣ ከቡብ፣ ከኮርቦ፣ ከሁሩቤ፣ ከቀስት፣ ከፈረስ ጉግስና ከፈረስ ሽርጥ ጋር ደንብ አውጥቶለታል። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አገር አቀፍ ውድድር ይወጣል። ሜዳው በኖራ ይሰመራል፣ ዳኛው ፊሽካ አለው፣ የተጫዋቹ ቁጥር የተወሰነ ነው።

አሁን ወደ ልጆቻችን ልምጣ። ዘንድሮ የዞን ማጣሪያው ላይ በምድባችን አራት ቡድኖች አሉ፤ ሁለቱ ያልፋሉ። የመጀመሪያውን ተረታን፤ ያውም ክፉኛ። ልጆቹ ዳር መኖሩን ረስተው እሩሯን እየነዱ ከኖራው ውጪ ወጥተው ጨፈሩ። ዳኛው ቆሞ ያያቸዋል። እኔ ከሳቄ ጋር ስታገል ነበር። ሁለተኛውን አሸነፍን። ሦስተኛው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ካሸነፍን አለፍን፤ እኩል ከወጣን የሌላውን ውጤት መጠበቅ ነው። ይኸው እኔም ሰንጠረዥ መቁጠር ጀመርኩ፤ ተማሪዬን ልስቅበት አልችልም።

ተስፋችን በማን ላይ ነው? ከአንኮበር በኩል የመጡ ሁለት ወንድማማቾች አሉን፤ ዳገት ላይ ያደጉ ስለሆኑ አይደክማቸውም። በረኛ የለንም እንጂ ተከላካዩ ግንብ ነው። ከሁሉ የምፈልገው ግን ስለ አንዱ ልነግራችሁ ነው።

ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከሩቅ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ከገቡት ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት በገና ቀን ዱላ ይዞ ሜዳ ወጣ። «ሚናህ የቱ ነው?» ተባለ። የላይኛው ደብር የኛ አይደለም አለ፣ የታችኛውም የኛ አይደለም አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሕጉ ነው፤ አባቱ እዚህ አልተቀበረ፣ ማኅበር አልጠጣ። ልጁ ዳር ቆሞ ሲያይ ዋለ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። ዘንድሮ የወረዳው ምልመላ ሲካሄድ አጥቢያ የጠየቀው የለም። «ምታ» አሉት፣ መታ። ሁለተኛውን ጨዋታ ያሸነፍነው እሱ ባሻገራት እሩር ነው። የለበሰው ማልያ ለቁመቱ ይረዝማል፤ ከጨዋታ በኋላም አያወልቀውም።

አንድ የማከብራቸው አባት አሉ፤ በወጣትነታቸው በገና ስድብ አገር ያወቃቸው ናቸው። በዚህ ነገር አኩርፈውኛል። «ገናን በየካቲት ትጫወታላችሁ? ጾም ሊገባ ሲል? ልደቱን ትታችሁ ዱላውን ይዛችሁ ሄዳችሁ» አሉኝ። «ፊሽካ እየተነፋ ደግሞ ማን ይሳደባል?» እውነታቸውን ነው። በዞኑ ሜዳ ግጥም አልሰማሁም። አንድ ልጅ ሊጀምር ሲል ዳኛው በጣቱ አስጠነቀቀው። ያ በመቅረቱ ልቤ አዝኗል። ቢሆንም መለስኩላቸው፦ «አባባ፣ የታኅሣሡን ማንም አልነካውም። የየካቲቱ ከሌለ ግን የታኅሣሡ ዱላ የሚይዝለት ያጣል።» ዝም አሉ። አልተስማሙም፤ ዝም ነው ያሉት። ቅዳሜ መኪና ከተገኘ እመጣለሁ ብለዋል፤ ለመፍረድ ይሁን ለማየት አልነገሩኝም።

ተማሪዬ ደግሞ ዘመናዊ የሆኪ በትር በካርቶን ልላክ ብሎ ነበር። ልጆቹን ጠየቅኳቸው፤ ፎቶውን አዩት፤ ከአንኮበሮቹ አንዱ «ቲቸር፣ ይሄ ሲሰበር በምን ይጠገናል?» አለኝ። ስለዚህ ወንድሜ፣ በትሩን ተወው። የሚያስፈልገው የሁለት ሚኒባስ ትራንስፖርትና የጫማ ነገር ነው፤ አንዳንዶቹ በነጠላ ጫማ ነው የሚጫወቱት። ልጅህንም እንኳን ደስ አለህ በልልኝ። ጥሎ ማለፉ መቼ እንደሆነ ጻፍልኝ፤ እኔም የቅዳሜውን ውጤት ማታ እዚሁ እለጥፋለሁ።