ከሉኪሚያ ፍለጋ እስከ ወንጂ

ከአዳማ ወደ ወንጂ ስሄድ መንገዱ ላይ የሸንኮራ አገዳ እንጂ የሳይንስ ታሪክ አይታየኝም ነበር። አለ ግን፤ መነሻውም ዶሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 ኤለርማንና ባንግ የተባሉ ዴንማርካውያን የዶሮ ሉኪሚያ፣ ሴሎቹ ተጣርተው በወጡለት ፈሳሽ እንደሚተላለፍ አሳዩ። ታዲያ የሰው የደም ካንሰርስ ከቫይረስ ይሆን? ለአሥርት ዓመታት ተፈለገ፣ ጠፋ። ብዙዎች ሲሰለቹ አሜሪካዊው ሮበርት ጋሎ ሙጭጭ አለ። በ1970 ቴሚንና ባልቲሞር ያገኙት ኢንዛይም የሬትሮቫይረስን ዱካ ሰጠው፤ በ1976 ቤተ ሙከራው ቲ-ሴልን ከሰውነት ውጭ ማሳደግ ቻለ። በ1980 ኤችቲኤልቪ-1 ተገኘ፤ በደቡብ ምዕራብ ጃፓን የሚታየው የደም ካንሰር መንስኤ እሱ ነበር። ለአብዛኛው ሉኪሚያ ግን መልስ አልሆነም።

ድካሙ ግን ከንቱ አልቀረም። በ1983 ፓሪስ ላይ እነባሬ-ሲኑሲ ኤችአይቪን የለዩት በእነዚሁ ዘዴዎች ነው። ያኛው ቫይረስ ቲ-ሴልን ያለልክ ያራባል፣ ይሄኛው ይጨርሳል።

በ1997 የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችን ጤና መከታተል ጀመረ። (ፋብሪካውን በ1954 ሥራ ያስጀመረውም የሆላንድ ኩባንያ ነው፤ አይገርምም?) ከፕሮጀክቱ የወጡ ጥናቶች ቫይረሱ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 ቁጥር ከሆላንዶቹ እንደሚያንስ አሳዩ። ሲዲ4 ማለት እኮ ያው ቲ-ሴል ነው። ያኔ ደግሞ መድኃኒት ማን ይጀምር የሚባለው በዚያ ቁጥር ነበር።