ካንሰር ቀስቃሽ ጂንና የሴል እርጅና፦ ጥቁር ነጥብ ብዙውን ጊዜ ወደ ቆዳ ካንሰር የማይለወጠው ለምንድን ነው?

በቆዳዎ ላይ ያሉት፣ በተለምዶ «ማርያም የሳመችው» የሚባሉት ጥቁር ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላቸውም። የሚገርመው ግን በብዙዎቹ ውስጥ ያሉት ሴሎች በቆዳ ካንሰር ሴሎች ላይ የሚታየውን የጂን ለውጥ የያዙ መሆናቸው ነው። ታዲያ ለምን ካንሰር አይሆኑም? መልሱ «የሴል እርጅና» በሚባለው የሰውነት መከላከያ ውስጥ ይገኛል።

ቀለም ሰጪ ሴሎችና ሜላኖማ

የቆዳችንን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚመረተው ሜላኖሳይት በተባሉ ሴሎች ውስጥ ነው። ሜላኒን ቆዳን ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይጠብቃል። ከእነዚህ ሴሎች የሚነሳው ካንሰር ሜላኖማ ይባላል። ከሌሎቹ የቆዳ ካንሰር ዓይነቶች ያነሰ ሰው ቢያጠቃም ወደ ሊምፍ ዕጢዎች፣ ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ሊሠራጭ ስለሚችል ከሁሉም የከፋ ነው።

ኦንኮጂን ምንድን ነው?

ሴሎች መቼ መባዛት እንዳለባቸው የሚያዝዙ ጂኖች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢራፍ ይባላል። ጤናማ ቢራፍ የሚሠራው ከውጭ ትእዛዝ ሲደርሰው ብቻ ነው። ቪ600ኢ የተባለው ለውጥ ሲደርስበት ግን ያለ ማንም ትእዛዝ ሴሉን «ተባዛ» ማለቱን አያቆምም። በዚህ መልኩ ተለውጦ ሴልን ወደ ካንሰር የሚገፋ ጂን ኦንኮጂን ይባላል። የቢራፍ ለውጥ በግማሽ ያህሉ የቆዳ ሜላኖማ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ጉዳት በሌላቸው ጥቁር ነጥቦችም ላይ በብዛት እንደሚገኝ ታወቀ።

የሴሉ ፍሬን

ሴሉ ከልክ ያለፈ የመባዛት ትእዛዝ ሲደርሰው ዝም ብሎ አይታዘዝም። ፒ16 የተባለውን ፕሮቲን በብዛት ማምረት ይጀምራል። ፒ16 የሴል ክፍፍልን የሚያስጀምሩ ኢንዛይሞችን በመግታት እንደ መኪና ፍሬን ያገለግላል። ሴሉ አይሞትም፤ ነገር ግን መከፋፈሉን ያቆማል። ይህ ሁኔታ በኦንኮጂን ምክንያት የሚመጣ የሴል እርጅና ይባላል። ከሰው ዕድሜ መግፋት ጋር አንድ አይደለም፤ በሕፃን ልጅ ቆዳ ላይም ሊከሰት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድስ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች በሰው ጥቁር ነጥብ ውስጥ የቢራፍ ለውጥ፣ ፒ16ና የእርጅና ምልክት የሆነ ኢንዛይም አብረው እንደሚገኙ አሳዩ። ነጥቡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ካደገ በኋላ ቆሞ ለብዙ ዓመታት ባለበት የሚቆየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይታሰባል።

ፍሬኑ መቼ ይላላል?

ካንሰር ለመፈጠር አንድ የጂን ለውጥ ብቻውን አይበቃም። ፒ16ን የሚያመርተው ጂን ሲጠፋ ወይም ፒቴን የተባለው ሌላ ተከላካይ ጂን ሲበላሽ ሴሉ እንደገና መባዛት ሊጀምር ይችላል። የተበላሸ የፒ16 ጂን ከወላጅ የሚወረስባቸው ቤተሰቦች ስላሉ፣ በቤተሰብዎ ሜላኖማ የያዘው ሰው ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ያም ሆኖ አብዛኛው ሜላኖማ የሚነሳው ቀድሞ ከነበረ ጥቁር ነጥብ ሳይሆን ምንም ምልክት ካልነበረው ቆዳ ላይ ነው። ስለዚህ ጥቁር ነጥቦችን ሁሉ ማስወገድ ካንሰርን አይከላከልም። የሚጠቅመው ለውጥን መከታተል ነው።

ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች የት ይመልከቱ?

ሜላኖማ በጥቁር ሕዝቦች ላይ በብዛት የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና ከጥፍር ሥር ነው። ይህ ዓይነቱ ከፀሐይ ጋር እምብዛም አይያያዝም፤ የቢራፍ ለውጥም አነስ ብሎ ይታይበታል። በ36 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ያረፈውን ቦብ ማርሌን የገደለው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተነሳ ሜላኖማ ነበር። በውስጥ እግር ላይ የሚወጣ ነጥብ ከዓይን ስለሚሰወር፣ ወይም እሾህ የወጋው ወይም ጫማ የላጠው ቁስል ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይታወቃል።

የሚከተሉትን ካዩ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ፦

• አንዱ ጎን ከሌላው ጎን ጋር የማይመሳሰል ነጥብ
• ጠርዙ የተቆራረጠ ወይም የደበዘዘ ነጥብ
• ከአንድ በላይ ቀለም ያለው ነጥብ
• ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ ነጥብ
• መጠኑ፣ ቅርጹ ወይም ቀለሙ የሚለወጥ፣ የሚያሳክክ ወይም የሚደማ ነጥብ
• በውስጥ እግር ወይም በመዳፍ ላይ የወጣ አዲስ ጥቁር ነጥብ፣ ወይም የማይድን ቁስል
• በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣና እየሰፋ የሚሄድ ወይም ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ የተሻገረ ጥቁር መስመር

በብዙ ጥፍሮች ላይ የሚታዩ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች በጥቁር ሰዎች ዘንድ የተለመዱና አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌላቸው ናቸው።

ምን ማድረግ የለብዎትም?

የሚለዋወጥ ነጥብ በምላጭ አይቁረጡ፣ በፀጉር አይሰሩ፣ በአሲድ ወይም በእሳት አያቃጥሉ። ላይኛው ክፍል ቢጠፋም ከሥር የቀረው ሊያድግ ይችላል፤ ለምርመራ የሚሆነው ናሙናም ይጠፋል። ለውበት ብለው ሲያስወግዱም የተቆረጠው ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ እንዲላክ ይጠይቁ።

ምርመራና ሕክምና

ሐኪሙ ከተጠራጠረ ነጥቡን ቆርጦ በማውጣት በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል። ሜላኖማ ሆኖ ከተገኘ ወሳኙ ነገር ወደ ቆዳ ውስጥ የገባበት ጥልቀት ነው። ገና ስስ ሳለ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል። ከተሠራጨ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ መድኃኒቶች ይሰጣሉ። እጢው የቢራፍ ለውጥ ካለው ደግሞ እንደ ቬሙራፌኒብና ዳብራፌኒብ ያሉ መድኃኒቶች ይረዳሉ። እነዚህ ለውጡ ለሌላቸው ስለማይሆኑ አስቀድሞ የጂን ምርመራ ያስፈልጋል።

በወር አንድ ጊዜ ገላዎን ሲታጠቡ ውስጥ እግርዎን፣ የጣቶችዎን መሃልና ጥፍሮችዎን ይመልከቱ። ጀርባዎን የቤተሰብ ሰው እንዲያይልዎ ያድርጉ። ባለበት የቆየ ነጥብ ብዙም አያሳስብም፤ መለወጥ የጀመረን ነጥብ ግን ሳያቆዩ ለሐኪም ያሳዩ።