ቀስ ማለት ስንት ያወጣል?

ከእኛ ከዚህ ዓምድ ጸሐፊዎች መካከል የራሱ መኪና ያለው አንድም የለም። ስለ መኪና ከማውራት ግን ያገደን አልተገኘም። በቀደም የአንዷ ጓደኛችን ወንድም ፎር ዊሉን በትልልቅ ጎማ አስጊጦ ሊያንሸራሽረን መጣ። አንድ ድንጋያማ አቀበት ላይ ስንደርስ ፍሪሲዮኑ እየሸተተ ሁላችንንም አስወረደን። «ጎማው ምን አጠፋ?» ብለን መልስ ስንፈልግ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደረስን። እስቲ አብረን እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ጦር ትንሽ መኪና እንዲሠሩለት ፋብሪካዎችን ሲጠይቅ ካስቀመጣቸው መስፈርቶች አንዱ ይገርማል። መኪናዋ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር መሮጥ ብቻ ሳይሆን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም በእግረኛ ወታደር እርምጃ፣ ያለ ችግር መሄድም ነበረባት። ጂፕ ገና ስትወለድ መራመድ ይጠበቅባት ነበር ማለት ነው።

ይህን ያስቻላት ከካምቢዮው ጀርባ ያለው ትራንስፈር ኬዝ ነው። (ካምቢዮና ፍሪሲዮንን ከጣሊያንኛ ወስደናል፤ ይሄኛውን ደግሞ ከእንግሊዝኛ።) አንደኛ ሥራው የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ እግር ማካፈል ነው። ሁለተኛ፣ የራሱ ከባድ ማርሽ አለው፤ እሱ ሲገባ ጎማው ቀስ ይላል፣ ጉልበቱ ግን ይጨምራል። በጦርነቱ ጊዜ ጂፕ ላይ ይህ ቁጥር 1.97 ነበር። የካምቢዮው አንደኛ ማርሽ 2.66፣ ዲፈረንሻሉ 4.88። ሦስቱን ብታባዟቸው 26 ገደማ ይመጣል፤ ጎማው አንዴ እስኪዞር ሞተሩ 26 ጊዜ ይዞራል። ይህን ስሌት ያዙልን።

ሰላም ሲመጣ ደግሞ ሰው ተቃራኒውን ፈለገ። ጂፕን አውራ ጎዳና ላይ የሚነዳው ሰው ሞተሩ ጮኸብኝ አለ። ስለዚህ ትራንስፈር ኬዙ ላይ ከሚገጠሙ ቀደምት ተጨማሪ ዕቃዎች አንዱ የፍጥነት ዕቃ ሆነ፤ የዋርን ኩባንያ ኦቨርድራይቭ ከትራንስፈር ኬዙ ጀርባ ተገጥሞ የሞተሩን ዙር በ25 በመቶ ያሳርፍ ነበር። እንግሊዞችም በኋላ ለላንድ ሮቨር ተመሳሳዩን ሠሩ።

የቀርፋፋነት ፍላጎት የመጣው ከድንጋይ ነው። በ1953 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጂፕ ነጂዎች ተሰብስበው ከጆርጅታውን ወደ ታሆ ሐይቅ በሚወስደው የሩቢኮን መንገድ ወጡ፤ መንገድ ከተባለ። ድንጋዩን ለመውጣት ጎማ አተለቁ። ትልቅ ጎማ ግን በአንድ ዙር ብዙ ርቀት ስለሚሄድ ማርሹን ይበላል። 28 ኢንች የነበረውን በ35 ብትቀይሩት፣ ያ 26 ወደ 21 ገደማ እንደ ወረደ ቁጠሩት። የወንድምየው ጉድም ይኸው ነው። ፋብሪካው በበኩሉ ሊረዳቸው አልቸኮለም። እንዲያውም ጂፕ ላይ የገባው ዳና 20 ቁጥሩ 2.03 ብቻ ነበር፤ 2.62 የሆነው ዳና 300 እስኪመጣ 1980 ደረሰ።

እኛን ያስደሰተን የቶዮታ ፒክአፕ ሰዎች ዘዴ ነው። የቶዮታ ትራንስፈር ኬዝ ከባድ ማርሹ ያለበት ክፍልና ኃይል የሚያካፍለው ክፍል ይለያያሉ። ታዲያ ከተጣለ መኪና ላይ አንድ የከባድ ማርሽ ክፍል አውጥተው በመሃል ቢሰኩትስ? 2.28 በ2.28 ሲባዛ 5.2! አንደኛ ማርሹ 3.95፣ ዲፈረንሻሉ 4.10 በሆነ ፒክአፕ ላይ ጠቅላላው ከ37 ወደ 84 ይዘላል። በ1990ዎቹ በዚህ ሥራ ስም ያወጣው የካሊፎርኒያው ማርሊን ክሮለር ነው። በዚያው አስርት ዓመት አጋማሽ አድቫንስ አዳፕተርስ አትላስ የተባለውን ለጂፕ አቀረበ፤ ሰንሰለት የሌለው፣ በጥርስ ብቻ የሚሠራ፣ ገዢው 3.8 ወይም 4.3 እያለ የሚመርጠው። ጂፕ ራሱ 4 ለ1 የሆነውን በ2003 ሞዴል ራንግለር ላይ አወጣ፤ ስሙንም ሩቢኮን አለው። ጋራዦቹ ያስተማሩትን ፋብሪካው መልሶ ሸጠው ብንል ማጋነን አይመስለንም።

ታዲያ ትልቁን ቁጥር መግዛት ነው? አይደለም። የበዛው ጉልበት የሚያርፍበት ይፈልጋል፤ የቶዮታ የፊት እግር መገጣጠሚያ የሚሰበረው እንዲህ ሲሆን ነው። አሸዋና ጭቃ ደግሞ የጎማ ፍጥነት ይፈልጋሉ፣ እዚያ 84 ምንም አይረባም። ወደ ፊት እግር የሚሄደው ዘንግ በየትኛው ጎን እንደሚወጣም ይታያል፤ ከፊት ዲፈረንሻሉ ጎን ካልገጠመ ገንዘቡ ባከነ። ደረቅ አስፋልት ላይ እነዚህን በአራት እግር አትንዷቸው፤ መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ስለማይሄዱ ይተናነቃሉ። ትልቁ ጥቅሙ ቁልቁለት ላይ ነው፤ እግራችሁን ከፍሬን አንስታችሁ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል።

ለወንድምየው ይህን ሁሉ በወረቀት አባዝተን አሳየነው። ዝም ብሎ አየና፣ የድሮዎቹን ጎማዎች ገና እንዳልሸጣቸው ነገረን።